ስልክ ሩት ማድረግ፦ ላፕቶፑን ከመክፈታችሁ በፊት



በዚህ ሴሚስተር ለኢንጂነሪንግና ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች በብዛት የሚቀርበው ጥያቄ ስለ ፈተና አይደለም። «ስልኬን ሩት አድርግልኝ» የሚል ነው። አንዱ ማስታወቂያ አሰልችቶት ነው፣ ሌላው ሜሞሪ ሞልቶበት፣ አንዱ ደግሞ የአዛን አፑ ሱብሒ ላይ አልጮህ ብሎት። ዩቲዩብ ላይ በአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ሲታይ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ቪዲዮው የማያሳየው ነገር ግን ብዙ ነው። ከዚህ በፊት ሞክሮት ለማያውቅ ሰው ሩት ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያስፈልግ፣ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝም ስልኩን ሳይገድሉ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ላስረዳ።

አንድሮይድ የተገነባው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ሊኑክስ እያንዳንዱን ተጠቃሚ በቁጥር ያውቀዋል። አንድሮይድ ይህንን ወስዶ ለእያንዳንዱ አፕ የራሱን ቁጥር ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ቴሌግራም የባንክ አፓችሁን ፋይል ማንበብ አይችልም፣ የጨዋታው አፕም የቴሌግራምን አያነብም። እንደ ዶርማችን አስቡት። ሁሉም የየክፍሉ ቁልፍ ብቻ አለው። ቁጥር 0 የያዘው ተጠቃሚ ግን ሁሉንም በር ይከፍታል፣ እንደ ፕሮክተሩ ማስተር ቁልፍ ማለት ነው። ስሙ «ሩት» የሚባለው እሱ ነው። ስልኩን የገዛችሁት እናንተ ብትሆኑም ይህ ቁልፍ ከፋብሪካ ሲወጣ አይሰጣችሁም። ሩት ማድረግ ማለት ማስተር ቁልፉን ማስቀረጽ ነው። ቁልፉ አንዴ ከተቀረጸ በኋላ ደግሞ ጥያቄው ማን ይይዘዋል የሚለው ነው፤ ፈቃድ የሰጣችሁት ማንኛውም አፕ ፎቶአችሁን፣ መልእክታችሁን፣ የይለፍ ቃላችሁን ሁሉ ማየት ይችላል።

በሩ የሚጠበቀው ስልኩ ሲነሳ ጀምሮ ነው። የኃይል ቁልፉን ስትጫኑ መጀመሪያ የሚሠራው ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። እሱ ቀጥሎ የሚነሳውን የሲስተም ክፍል ፊርማ ይመረምራል፤ የአምራቹ ፊርማ ከሌለበት አያስነሳም። ስለዚህ ሩት የሚጀምረው ቡትሎደሩን በመክፈት ነው። ሲከፈት ደግሞ ስልኩ ላይ ያለው ዳታ በሙሉ ይጠፋል። ብዙ ሰው ይህንን እንደ ብልሽት ያየዋል፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ጥበቃ ነው። ባይሆን ኖሮ ስልካችሁን የሰረቀ ሰው ቡትሎደሩን ከፍቶ የፈለገውን ሶፍትዌር ጭኖ ውስጡን ይበረብረው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። በእርግጥ ሩት ያስፈልጋችኋል? በእኔ ግምት ከሚጠይቁት አብዛኞቹ አያስፈልጋቸውም።

የአዛን አፑን እንውሰድ። ሱብሒ ላይ የማይጮኸው አፑ ተበላሽቶ ሳይሆን ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ከጀርባ ስለሚዘጋው ነው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሻውሚ በዚህ ጠባያቸው የታወቁ ናቸው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ከአፖች ዝርዝር የአዛኑን አፕ ምረጡ፣ የባትሪ አጠቃቀሙን «ያልተገደበ» አድርጉት። በሻውሚ «አውቶስታርት» የሚለውን አብሩለት፤ በቴክኖና በኢንፊኒክስ ተመሳሳዩ «ፎን ማስተር» በሚባለው አፕ ውስጥ ይገኛል። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ደግሞ በትክክለኛው ደቂቃ የሚጮህ አላርም የራሱ ፈቃድ አለው፣ «አላርምስ ኤንድ ሪማይንደርስ» ይባላል። አንድሮይድ 14 ላይ አዲስ የሚጫኑ አብዛኞቹ አፖች ይህ ፈቃድ ተዘግቶባቸው ነው የሚመጡት። እሱን ክፈቱለት። ለሱብሒ ብሎ ቡትሎደር መክፈት አያስፈልግም።

የሜሞሪውም ጉዳይ እንደዚያው ነው። ብዙዎች «ከስልኩ ጋር የመጡትን አፖች ባጠፋቸው ቦታ አገኛለሁ» ብለው ያስባሉ። እነዚህ አፖች የተቀመጡት ለሲስተሙ በተለየ ክፍል ነው። በሩት ብታጠፏቸው ባዶ የሚሆነው ያ ክፍል እንጂ ፎቶና የደርስ ኦዲዮ የምታስቀምጡበት አይደለም። የእኛን ስልክ የሚሞላው በአብዛኛው ቴሌግራም ነው። በየቻናሉ የምንከፍተው ሙሓደራ፣ ቪዲዮና ፒዲኤፍ ሁሉ ተቀምጦ ይቆያል። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ከሚለው ገብታችሁ ካሹን አጽዱ፣ ከዚያ በኋላ በስንት ቀን ራሱ እንዲያጸዳ ወስኑለት። ስንት ጊጋ ባይት እንደሚለቅ ስታዩ ትገረማላችሁ። የጸዳው ቻናሉ ላይ ስላለ ሲያስፈልግ እንደገና ይወርዳል። አንድ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ቻናሉ ከተዘጋ ፋይሉ የለም ማለት ነው፣ ስለዚህ የምትሳሱለትን ደርስ ቀድማችሁ ወደ ስልኩ ፎልደር ወይም ወደ ላፕቶፕ አውጡት።

ማስታወቂያውና ዓይን ላይ ድንገት የሚወድቀው ነውረኛ ምስል ሌላው ትልቅ ምክንያት ነው። ዓይኑን ለመስበር ብሎ ሩት ለማድረግ የመጣን ወንድም ማመስገን እንጂ ማሳፈር አይገባም። ግን ለዚህም ቀለል ያለ መንገድ አለ። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ በኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ ክላውድፍሌር በ2020 (እ.ኤ.አ) ለቤተሰብ ብሎ በነፃ ያቀረበውን፣ ወይም አድጋርድ የሚሰጠውን የቤተሰብ አድራሻ ብታስገቡ የብልግና ድረ ገጾች አይከፈቱም። አድጋርድ ማስታወቂያም ይቀንሳል። ይህ ማጣሪያ የሚሠራው በድረ ገጹ ስም ነው፤ ቴሌግራም ወይም ዩቲዩብ ውስጥ ያለውን አያጣራም። ሩት ብታደርጉም ኖሮ በስም የሚያጣራው ዘዴ ከዚህ አያልፍም ነበር።

አላስፈላጊ የሲስተም አፖችን ከዓይን ማጥፋት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ኤዲቢ በሚባለው የጉግል መሣሪያ ከላፕቶፕ ሆናችሁ ያለ ሩት ከራሳችሁ ተጠቃሚ ላይ ማንሳት ትችላላችሁ። ስልኩን ፋክተሪ ሪሴት ስታደርጉት ይመለሳሉ፣ ስለዚህ አደጋው ትንሽ ነው። ሊኑክስ ትእዛዞችን ስልክ ላይ ለመለማመድ ደግሞ ተርሙክስ ይበቃል፤ እሱም ሩት አይፈልግም። አምራቹ አፕዴት ያቆመበትን አሮጌ ስልክ ሊኔጅ ኦኤስ ጭኖ ማደስ የሚፈልግም ቡትሎደር መክፈት እንጂ ሩት ግዴታው አይደለም።

ታዲያ ለማን ይሆናል? ሙሉ ባክአፕ ከነአፖቹ ዳታ ማውጣት ለሚፈልግ፣ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ወይም የቻርጁን ገደብ ራሱ መቆጣጠር ለሚሻ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ የአንድሮይድን ውስጥ መመርመር ለሚያስፈልገው፣ ወይም በቀላሉ ለመማር ለሚፈልግ። የመጨረሻው በቂ ምክንያት ነው፤ ግን ለመማር የሚሆነው ስልክ መሳቢያ ውስጥ የተኛው አሮጌው እንጂ ቤተሰብ የሚያገኛችሁበት ብቸኛው ስልክ አይደለም።

ምን እንደምታጡም እወቁ። ጉግል «ፕሌይ ኢንቴግሪቲ» በሚባል ዘዴ ስልኩ እንዳልተነካካ ለአፖች ይመሰክራል። ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ ይህንን ምስክርነት በሙሉ አያገኝም። የባንክና የገንዘብ ማስተላለፊያ አፖች ይህንን እያዩ ወይም ሩቱን ራሳቸው እየፈለጉ አልሠራም ሊሉ ይችላሉ። ቤተሰብ ብር የሚልክላችሁ፣ ካፌ የምትከፍሉት፣ ፎቶ ኮፒ የምታስነሱት በስልክ ከሆነ ወሩ አጋማሽ ላይ አፑ ሲዘጋ የምትሆኑትን አስቡ። መደበቂያ ዘዴዎች አሉ፤ ዛሬ ሠርተው ነገ የሚቆሙ ናቸው፣ ገንዘባችሁን በእነሱ ላይ አትጣሉ። በሳምሰንግ ደግሞ ኖክስ የሚባል የማይመለስ ምልክት አለ። ያልተፈቀደ ሶፍትዌር አንዴ ከተጫነበት ፊውዙ ይቃጠላል፤ ሴኪዩር ፎልደርና ሳምሰንግ ፔይ ኦሪጅናሉን ሶፍትዌር ብትመልሱም ከእንግዲህ አይሠሩም። ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ ከጠፋባችሁም ከተቆለፈው ይልቅ ለአግኚው ክፍት ነው፤ ጠንካራ የስክሪን መቆለፊያ ያኔ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከዚያ ስልኩ የት እንደተሠራና ለየትኛው ገበያ እንደሆነ እዩ። ብዙዎቻችን የምንይዘው ስልክ ከጂዳ፣ ከሪያድ ወይም ከዱባይ እህት ወይም አጎት የላከው ነው። ሳምሰንግ ለየሀገሩ የተለየ ኮድ ይሰጣል፤ ከሳዑዲ የመጣው «ኬኤስኤ»፣ ከኤምሬትስ የመጣው «ኤክስኤስጂ» ይለዋል። ፈርምዌር ስታወርዱ ይህንን ኮድ ከስልኩ ጋር አመሳክሩ። ከአሜሪካ የተላከ ሳምሰንግ ሞዴል ቁጥሩ በእንግሊዝኛው «ዩ» ፊደል የሚያልቅ ከሆነ ቡትሎደሩ በመደበኛ መንገድ አይከፈትም፣ ጊዜያችሁን አታጥፉ። ሁዋዌም ከ2018 (እ.ኤ.አ) ወዲህ የመክፈቻ ኮድ መስጠት አቁሟል። ሻውሚ የራሱን አካውንት ከስልኩ ጋር አስተሳስሮ ያስጠብቃል፤ የተለመደው ጥበቃ 168 ሰዓት፣ ማለትም ሰባት ቀን ነው። በቴክኖ፣ በኢንፊኒክስና በአይቴል ነገሩ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ጉግል ፒክስል ለጀማሪ ከሁሉም ይቀላል፤ ጉግል ራሱ ኦሪጅናል ፈርምዌሩን በይፋ ስለሚያቀርብ የሚበላሽ ነገር ቢኖር መመለሻው ቅርብ ነው።

እስከዚህ አንብባችሁ አሁንም ከፈለጋችሁ እንግዲህ ቢስሚላህ እንበል። ከታች የምጽፋቸው ትእዛዞች ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚገቡት፤ እዚህ አነባበባቸውን ነው የምሰጣችሁ።

ከሁሉ በፊት ባክአፕ። ፎቶ፣ ኮንታክት፣ የዋትስአፕ ቻት፣ የደርስ ማስታወሻ። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ኮድ የሚያመነጭ አፕ ካላችሁ እሱን አትርሱት፤ ሰው ኢሜይሉን የሚያጣው በእሱ ነው። *#06# ደውላችሁ አይኤምኢአይ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። ስልኩም ላፕቶፑም ከግማሽ በላይ ቻርጅ ይኑራቸው፤ መብራት መሀል ላይ ቢሄድ ባትሪው የሞተ ዴስክቶፕ ለሚመስል ላፕቶፕ ይህ ሥራ አይሆንም። ኬብሉ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ሳይሆን ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን።

ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚገልጸው ገጽ ላይ ያለውን የቢልድ ቁጥር አንድም ፊደል ሳይቀር ገልብጡ። ከዚያ ልክ ያንኑ ቁጥር የያዘ ፈርምዌር አውርዱ። «ተመሳሳይ ሞዴል ነው» አይበቃም። የሌላ ቨርዥን ቡት ፋይል ስልኩን ሎጎ ላይ ያቆመዋል። ከስልኩ ያነሰ፣ የቆየ ቨርዥን ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ወደኋላ መመለስን የሚከለክል ቆጣሪ ያላቸው ስልኮች ጨርሰው ላይነሱ ይችላሉ። ፈርምዌር ብዙ ጊዜ ጥቂት ጊጋ ባይት ስለሆነ የካምፓሱ ዋይፋይ ፋታ ሲያገኝ ማታ አውርዱት።

አሁን ያንኑ የቢልድ ቁጥር ሰባት ጊዜ ንኩት። «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» ይከፈታል። ውስጡ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» እና «ዩኤስቢ ዲበጊንግ» የሚሉትን አብሩ። የመጀመሪያው ከሌለ ወይም አልበራም ካለ አቁሙ፤ አምራቹ አልፈቀደም ማለት ነው። ላፕቶፑ ላይ ጉግል የሚያቀርበውን «ፕላትፎርም ቱልስ» አውርዱ፣ ኤዲቢና ፋስትቡት የሚባሉት መሣሪያዎች ውስጡ አሉ። ስልኩን አገናኝታችሁ «ኤዲቢ ሪቡት ቡትሎደር» ስትሉት በፋስትቡት ገጽ ይነሳል። «ፋስትቡት ዲቫይስስ» በሉት፤ የስልኩ መለያ ቁጥር ካልመጣ ዊንዶውስ ላይ ድራይቨሩ ጎድሏል። ቁጥሩ ሳይመጣ ወደሚቀጥለው አትለፉ። ከዚያ «ፋስትቡት ፍላሺንግ አንሎክ»፤ ስልኩ ይጠይቃችኋል፣ በድምፅ ቁልፉ መርጣችሁ በኃይል ቁልፉ ታጸድቃላችሁ። ዳታው ይጠፋል፣ ስልኩም ከዚህ በኋላ በተነሳ ቁጥር ቡትሎደሩ ክፍት መሆኑን ያስጠነቅቃል። አትደንግጡ፣ እንደዚያ ነው የሚሆነው።

ስልኩ እንደ አዲስ ሲነሳ ዩኤስቢ ዲበጊንግን መልሳችሁ አብሩና ማጂስክን ጫኑ። ማጂስክን በ2016 (እ.ኤ.አ) ያወጣው ጆን ዉ የሚባል ገንቢ ነው። ይህ ሰው በ2021 ወደ ጉግል የአንድሮይድ ደኅንነት ቡድን ነው የገባው፤ ቁልፍ ቀራጩን ለጥበቃ ቀጠሩት ማለት ነው። የማጂስክ ሥራ የሲስተሙን ክፍል ሳይነካ የማስነሻውን ፋይል ብቻ መለወጥ ነው፤ ስለዚህ መመለስም ይቀላል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ትክክለኛው መገኛም ጊትሀብ ላይ ያለው የራሱ ገጽ ብቻ ነው። በማጂስክ ስም የተከፈቱ ቆንጆ ድረ ገጾች ሁሉ የሌላ ሰው ናቸው።

ካወረዳችሁት ፈርምዌር ውስጥ የማስነሻውን ፋይል አውጡ። ስልኩ ከፋብሪካ ሲወጣ በአንድሮይድ 13 ወይም ከዚያ በላይ የወጣ ከሆነና «ኢኒት ቡት» የሚባለው ፋይል ካለ እሱን፣ ካልሆነ «ቡት» የሚባለውን። የማጂስክ አፕ ፊት ለፊት «ራምዲስክ» በሚለው ቦታ «ኖ» ካለ ለጀማሪ የማይሆን መንገድ ስለሆነ ተዉት። «የስ» ካለ ፋይሉን ወደ ስልኩ ቅዱ፣ ማጂስክ ውስጥ «ኢንስቶል» ብላችሁ ፋይሉን አሳዩት፣ ለውጦ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥላችኋል። የተለወጠውን በኤዲቢ ወደ ላፕቶፑ መልሱት። እንደገና በፋስትቡት አስነስታችሁ «ፋስትቡት ፍላሽ ቡት» (ወይም «ኢኒት ቡት») ብላችሁ የተለወጠውን ፋይል ስም ጨምሩ። በሰከንዶች ያልቃል። «ፋስትቡት ሪቡት» በሉት። አልቋል።

ያልተለወጠውን ኦሪጅናል ፋይል ግን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት። ላፕቶፑ ላይ አንድ፣ ፍላሽ ላይ አንድ። ስልኩ ሎጎ ላይ ቢቆም መድኃኒቱ እሱ ነው፦ ያው ትእዛዝ፣ ኦሪጅናሉ ፋይል፣ ሪቡት። ብዙውን ጊዜ «ሞተ» የተባለ ስልክ በዚህ በሁለት ደቂቃ ይነሳል።

ሳምሰንግ ፋስትቡትን አይጠቀምም። ስልኩ ጠፍቶ ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች ተጭናችሁ ኬብሉን ስትሰኩ ዳውንሎድ ሞድ ይገባል፤ የድምፅ መጨመሪያውን አስረዝማችሁ ስትጫኑ ቡትሎደሩ ይከፈታል፣ ዳታውም ይጠፋል። ከዚያ ስልኩን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝታችሁ ኦኢኤም አንሎኪንግ መብራቱን ሳታረጋግጡ አትቀጥሉ። ማጂስክ የሚለውጠው «ኤፒ» የሚባለውን ትልቁን ፋይል በሙሉ ነው፣ የሚጫነውም ኦዲን በሚባለው ፕሮግራም ከሌሎቹ ፋይሎች ጋር አንድ ላይ ነው።

ሚዲያቴክ ፕሮሰሰር ያላቸው ስልኮች፣ የቴክኖና የኢንፊኒክስ ብዙዎቹን ጨምሮ፣ ኤስፒ ፍላሽ ቱል በሚባል ፕሮግራም ሶፍትዌር ሲጫንባቸው «ፎርማት ኦል ፕላስ ዳውንሎድ» የሚል ምርጫ አለ። እባካችሁ አትንኩት። አይኤምኢአይ ቁጥሩና የኔትወርክ መለኪያው የተቀመጠበትን ክፍል አብሮ ያጠፋዋል፤ ስልኩ ይነሳል፣ ካርዱን ግን አያውቀውም። «ዳውንሎድ ኦንሊ» ነው የሚባለው። ሩቱ እንደተሳካ የመጀመሪያ ሥራችሁም ያንን ክፍል፣ በሳምሰንግ «ኢኤፍኤስ» በሚዲያቴክ «ኤንቪራም» የሚባለውን፣ ገልብጦ ከስልኩ ውጭ ማስቀመጥ ይሁን።

ከሩት በኋላ አፕ ሩት ሲጠይቅ ማጂስክ «ፍቀድ» ወይም «ከልክል» ይላችኋል። ምን እንደሚሠራበት ያልገባችሁን ከልክሉ። የባትሪ መብራት አፕ ማስተር ቁልፍ አይጠይቅም። ሞጁል የሚባሉትን ተጨማሪዎች አንድ በአንድ ጫኑ፣ በአንዱና በሌላው መካከል ስልኩን አስነስታችሁ እዩት። አንዱ ስልኩን አላስነሳ ካለ በሴፍ ሞድ ስታስነሱት ማጂስክ ሞጁሎቹን በሙሉ ያጠፋቸዋል። የሲስተም አፕዴት ሲመጣ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፤ መጀመሪያ ማጂስክ ውስጥ ኦሪጅናሉን መልሱ፣ ከዚያ አፕዴቱ፣ ከዚያ እንደገና ሩት። «በቃኝ» ብላችሁ ቡትሎደሩን ለመቆለፍ ስታስቡ ደግሞ ይህን ያዙ፦ የተለወጠ ፋይል በውስጡ እያለ የተቆለፈ ስልክ ላይነሳ ይችላል፣ መክፈቻውንም ሊከለክላችሁ ይችላል። ቀድማችሁ ሙሉውን ኦሪጅናል ፈርምዌር ጫኑ፣ መሥራቱን አረጋግጡ፣ ከዚያ ቆልፉ። ያኔም ዳታው እንደገና ይጠፋል።

«አንድ ጊዜ ተጭነህ ሩት አድርግ» የሚሉት ኪንግሩትና መሰሎቹ አጭር ቃል ይበቃቸዋል። የሚሠሩት በስልኩ የደኅንነት ቀዳዳ ገብተው ነው፤ በአዳዲስ ስልኮች ቀዳዳው ስለተደፈነ አብዛኛውን ጊዜ አይሠሩም፣ ኮዳቸውም ዝግ ስለሆነ ማስተር ቁልፉን ለማን እንደሰጣችሁ አታውቁም። ሩትን ተጠቅሞ የሚከፈልባቸውን አፖች በነፃ መክፈትም የሰው ሐቅ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1988 (እ.ኤ.አ) ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑን፣ መድፈሩም እንደማይፈቀድ ወስኗል። ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን ጠይቁ።

የቀረኝ የጓደኛ ስልክ ጉዳይ ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጓደኛችሁን ስልክ ስትቀበሉ አማና ተቀብላችኋል። መድረሳ የቀራችሁ ታስታውሱት ይሆናል፣ በፊቅህ ኪታቦች የኢጃራ ምዕራፍ ላይ ልብስ ሰፊና ልብስ አጣቢ እጅ ላይ ዕቃ ሲበላሽ ዶማኑ በማን ነው የሚል ሰፊ ውይይት አለ። ዑለሞች በዝርዝሩ ተለያይተዋል። ወሰን ያለፈ ወይም ቸል ያለ ሰው ተጠያቂ መሆኑ ላይ ግን አልተለያዩም። የቢልድ ቁጥሩን ሳያመሳክር ፍላሽ ያደረገ ሰው ቸል ብሏል። «በአላህ መንገድ ነው የሠራሁለት፣ ብር አልወሰድኩም» ማለቱ ስልኩን አይመልስለትም።

ስለዚህ ባለቤቱ አጠገባችሁ ተቀምጦ ሳለ ብቻ ሥሩ። ዳታው እንደሚጠፋ፣ የባንክ አፑ ሊዘጋ እንደሚችል፣ ጋራንቲ ካለው ሊቀር እንደሚችል፣ ስልኩ ጨርሶ ላይነሳ እንደሚችል በግልጽ ንገሩትና ይሁን ብሎ ይመልስላችሁ። ስልኩ የወላጅ ወይም የታናሽ እህቱ ከሆነ የእሱ «ይሁን» አይበቃም፣ ደውሎ ያስፈቅድ። ባክአፑንም ራሱ ያውጣ እንጂ እናንተ ጋለሪውን አትክፈቱ።

እህቶች ዘንድ ይህ ይበልጥ ይጠብቃል። ያለ ሒጃብ የተነሳችሁት የቤተሰብ ፎቶ ያለበትን ስልክ ለጠጋኝም ሆነ ለክፍል ወንድም ከመስጠታችሁ በፊት ባክአፑን ወስዳችሁ፣ ከጉግል አካውንታችሁ ወጥታችሁ፣ ሜሞሪ ካርዱን አውጥታችሁ፣ ስልኩን ራሳችሁ ፋክተሪ ሪሴት አድርጉት። ቡትሎደሩ ሲከፈት እንደሆነ ሊጠፋ ነው፤ ቀድሞ በእናንተ እጅ ቢጠፋ የሚቀር ነገር የለም። ከአካውንት መውጣቱን አትዝለሉት፤ ስልኩ በሪከቨሪ በኩል ከተጠረገ ሲነሳ የቀድሞውን አካውንት የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ያን ጊዜ በስልክ የይለፍ ቃል ለማንም አትናገሩ፣ ራሳችሁ መጥታችሁ አስገቡት። በየዲፓርትመንቱ ይህንን የሚችሉ እህቶች አሉ፤ መጀመሪያ እነሱን ጠይቁ።